ያልተጋገሩ ደብዳቤዎች

በሐኪም መኖሪያ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኖ የኖረ ሰው ደብዳቤ መጋገርም ይለምዳል። ተላላፊ በሽታ ከገባበት ቤት የወጣ ወረቀት እንዲሁ ፖስታ ቤት አይሄድም፤ መጀመሪያ ዳቦ መጋገሪያው ውስጥ ገብቶ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ይቆያል። በሽታው ይሞታል ይላሉ። የጌታዬ የዶክተር አክሪል ሚስት እሜቴ ኮንስታንስ ደግሞ መጻፍ ነፍሳቸው ነው፤ ለእህታቸው ለሚሊ በየሁለት ቀኑ ካልጻፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ሚሊ ግሪምስቢ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ነው የምትኖረው። ንግሥት ቪክቶሪያ በሞቱ በአራተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ባሏ የዓሣ መርከቡን ይዞ አይስላንድ ድረስ ወጥቶ ነበር። እሷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ እግሯ አብጦ፣ ኩላሊቷ ታሞ አልጋ ላይ ዋለች። ስለዚህ የስድስት ዓመት ልጇን ሄስተርን እኛ ዘንድ ላከቻት። ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ ያዛት። ከየት እንደያዛት አትጠይቁኝ። በሽተኛ ሁሉ እየሳለ በሚገባበት ቤት ልጅ ማስቀመጥ ምን ይሉታል ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ!

መጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። እሜቴ ጻፉ፣ እኔ ጋገርኩ፤ ትንሽም አሳረርኩት። ሚሊ ምን ብላ ብትመልስ ጥሩ ነው? «ለታፕሊን ንገሪያት፤ ደብዳቤው አሯል፣ የሚቀጥለውን ቶሎ ታውጣው። ይሄንን ማርማላታ ቀብቼ በላሁት።» ታፕሊን እኔ ነኝ። ሄስተር ይህ ሲነበብላት በዚያ በታፈነ ድምፅዋ እየሳቀች፣ «እማዬ ወረቀት በላች!» አለች። ከዚያ ወዲህ ጨዋታቸው ይኸው ሆነ። ሚሊ ደብዳቤ በደረሳት ቁጥር ከማንበቧ በፊት ታሸተዋለች።

ከዚያ ልጅቷ ባሰባት። «እማዬ ትምጣ» ማለት ጀመረች፤ ሌላ ቃል የላትም። እሜቴ እያለቀሱ ጻፉ። «ሚሊ፣ እየጠራችሽ ነው። ተሸክመውም ቢሆን ያምጡሽ» ይላል፤ ለእኔ አንብበውልኛል። ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ቆይቶ ዶክተሩ ማድ ቤት ገቡና የምድጃውን በር ከፍተው ደብዳቤውን አወጡት።

«ይህ አይሄድም» አሉ። «ሚሊ በዚህ ሁኔታዋ ይህን ካነበበች ትሞታለች፤ ፅንሱም ይሞታል።»

«እናት ናት እኮ ጌታዬ!» አልኩ።

«አንቺ ድንችሽን ላጪ!» ብሎ ወረቀቱን ከታች እሳቱ ውስጥ ጨመረው። አንቱ ማለት የተውኩት ያኔ ነው። ፊት ለፊት ባልደፍርም፣ በሆዴ እስከ ዛሬ አንተ ነው የምለው።

ሄስተር በማግስቱ ሞተች። እሜቴ ጥቁር ለበሱ፣ ልጅቷን ቀበርናት፣ ሰዎች መጥተው በሽታው እንዲጠፋ ክፍሏን ዘግተው ድኝ አጤሱበት። እሱ ደግሞ ለሚስቱ እንደ መድኃኒት አዘዘላቸው። ሚሊ ወልዳ ከአራስ ቤት እስክትወጣ ድረስ መርዶ የለም፤ ሄስተር እየተሻላት ነው ተብሎ ይጻፍ አለ።

ወይ እሜቴ! ጻፉ። ሄስተር ሾርባ ጠጣች፤ ሄስተር ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። «እሜቴ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላቸው፣ «ዝም በይ ታፕሊን፣ እህቴን አትግደይብኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ማየት አፈሩ መሰለኝ፣ ደብዳቤዎቹን ለእኔ መስጠት ተዉ፤ በገዛ እጃቸው ወስደው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። ምድጃው ትዝ ያለው ሰው የለም። ቤቱ ጸድቷላ!

ሚሊ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። «አላልኳችሁም?» አለ እሱ። እውነቱን ነው፣ ሁለቱም ተርፈዋል፤ ይህን አልክደውም።

አንድ ረፋድ ላይ የጓሮው በር ተንኳኳ። ብከፍተው ሚሊ! ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋለች፣ በሌላ እጇ ጥቅል ይዛለች። ከስታለች፤ ግን ትስቃለች።

«አንቺ ሌባ፣ ነቃሁብሽ!» አለችኝ። «ደብዳቤ መጋገር ስታቆሙ የማላውቅ መሰላችሁ? ደብዳቤው ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ መጣ። ባሸት ባሸት ምንም! በሽታው ከቤት ወጥቷል፣ እህቴ ኮኒ ልታስደንቀኝ ብላ ነው የደበቀችኝ አልኩ። እኔ ቀደምኳት! የት አለች ልጄ? ጫማ ገዝቼላታለሁ፣ ቀይ።»

ሚሊ ጫማውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ዱቄቱ መሃል አስቀመጠችና ወደ ደረጃው ዞራ ተጣራች። «ሄስተር! ነይ ውረጂ፣ እማዬ መጣችልሽ!»

የወረዱት እሜቴ ናቸው፤ ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ለብሰው።

ሚሊ ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም። «ኮኒ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለች።

እሜቴ ደረጃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ሌላ መርዶ አላስፈለገም። ሚሊ ሕፃኑን አቀበለችኝና፣ «ጠርታኝ ነበር?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ዶክተሩ ድምፅ ሰምቶ ከምርመራ ክፍሉ ወጥቶ ከሚሊ ጀርባ ቆሟል። ለሚስቱ ራሱን ወዘወዘ፤ አልጠራችሽም በያት ማለቱ ነው። እሜቴ አይተውታል።

«ጠርታሻለች» አሉ። «ሌላ ቃል አልነበራትም። ጽፌልሽ ነበር፣ ሚሊ።»

«የታለ?»

እሜቴ ወደ ምድጃዬ አዩ።

ሚሊ ልጇን ከእጄ ተቀብላ በመጣችበት በር ወጣች። ጫማውን አልወሰደችም። ከዚያ ወዲህ እሜቴ በየሳምንቱ ይጽፉላታል፤ ደብዳቤው ሳይከፈት ይመለሳል። ባለፈው ሰሞን አዲሱን ይዘው ማድ ቤት ገቡና፣ «ታፕሊን፣ እባክሽ ይሄን ጋግሪው፤ ምናልባት ብታሸተው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ጋገርኩት፣ ራሴ ወስጄ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። እሱም ሳይከፈት ተመለሰ።