ግራር ሥር የጠቆረው ፊት

ሻሚ ከኡራን መንደር በጭነት ሎሪ ተሳፍራ ሞያሌ ያለው ስቱዲዮዬ ስትገባ አቧራዋን እንኳ አላራገፈችም። አባቷ ሀላኬ ከሞተ ሁለት ሳምንቱ ነው። በዕድሜው ፎቶ የተነሣው አንዴ ብቻ፣ ባለፈው ዓመት በእሷ ሠርግ ላይ ነበር፤ ያነሣሁትም እኔ ታፈሰ ነኝ።

«ጋሼ፣ ፊቱን ያውጡልኝ» አለች የሠርግ አልበሟን ዘርግታ። ሀላኬ ከድግሱ ርቆ ግራር ሥር ተቀምጧል። ነጭ ጥምጥሙ ይታያል፤ ፊቱን ግን ጥላው ውጦት ከሰል ሆኗል።

«የከተማ ሰው ማግባቴን አልወደደም። ያን ቀን እንዲህ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላም ስለ ሠርጉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይቀየመኝ አይቀየመኝ ሳላውቅ ሞተ። ፊቱን ካየሁ አውቃለሁ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፎቶ ባበራው ባበራው ከሰሉ አመድ ሆነ እንጂ ዓይን አልወጣውም። ያን ካሜራ ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተናንቀናል። የሠርጉን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተሩ ስገለብጥ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሆኖ መጣ፦ አንዱ ይከፈታል፣ ሌላው ግን የባዶ ነጭ ወረቀት ምልክት ብቻ ነው። የሞያሌ አቧራ የካሜራውን ካርድ በላው ብዬ የሚከፈተውን ወሰድኩና ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። እኛ አገር ያልገባን ብልሽት ሁሉ በአቧራ ይመካኛል።

ካርዱን ፈልጌ ጎረቤቴ ለሊሴ ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒውተርና ሞባይል ትጠግናለች፤ በልጄ ዕድሜ ናት፣ ሳቋም አያልቅም።

«ፖሌፖሌ ጋሼ፣ አይቸኩሉ። ካርዱ ጤነኛ ነው» አለች። «ካሜራው አንዱን ፎቶ በሁለት ዓይነት ነው የሚጽፈው። የተከፈተልዎት ጄፔግ ነው፤ ካሜራው ራሱ አብስሎ የሰጠዎት። ይሄኛው ሮው ነው፣ ጥሬው። ያየው ብርሃን ሁሉ ውስጡ አለ፤ የእርስዎ ኮምፒውተር ማንበቢያው ስለሌለው ነው። እንደ ድሮ ኔጌቲቭ ያስቡት፤ መታጠብ አለበት።»

ለእኔ! ስለ ኔጌቲቭ ለእኔ! ኬንያ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳለን ድንኳን ውስጥ ሦስት ብርድ ልብስ አንጠልጥዬ ፊልም ያጠብኩ ሰው ነኝ። ውኃ በጀሪካን ሲታደል ባለቤቴ ብዙወርቅ ከድርሻችን እየቀነሰች ለፊልሙ ትሰጠኝ ነበር። «እኛ ጠምቶን ብናድር ምን አለ፤ የሰው ዘመድ ሞተዋል ብሎ እያለቀሰ» ትለኛለች። የስደተኛው ፎቶ በሾፌሮች እጅ ድንበር ተሻግሮ ለዘመዶቹ ይደርሳል፤ አለሁ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ፊት ቀስ ብሎ ብቅ ሲል ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቅ ነበር። የመከራ ዘመን ነበር፤ ግን ይናፍቀኛል። ከሁሉም እሷ ትናፍቀኛለች።

ለሊሴ ማንበቢያውን ጫነችልኝና ሻሚን ጠራናት። ጥላውን ብቻ የሚያበራውን መቆጣጠሪያ አሳየችኝ፤ ቀስ እያልኩ ገፋሁት። መጀመሪያ የግራሩ ግንድ መጣ፤ ከዚያ ጢሙ፤ ከዚያ ዓይኖቹ።

ሀላኬ የሚያየው ሙሽራዋን ነበር። በጥምጥሙ ጫፍ እንባውን ይጠርጋል፤ ጥርሱ ግን ይስቃል።

«አባኮ፣ አባቴ» አለች ሻሚ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ፊቷን ጠረገችና «ሁለት ያትሙልኝ» አለችኝ። «አንዱ ለእናቴ ነው። በኀዘን ገደልሽው ስትለኝ ነው የከረመችው።»