ጆንያው የወረደ ዕለት

«ባለቤቶቹ ነገ ጆንያው ይውረድ ብለዋል፤» አለ ፈንታው ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ። «እሱ ሳይኖር ማውረዱ ግን ከበደኝ።»

ሙሀመድሰይድ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቅሶ ደራሾቹ ሴቶች ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ውጭው የቆቦ ጠራራ ቢሆንም ክፍሉ ጨለም ብሏል፤ ያለችው አንዲት መስኮት ከስምንት ወር ወዲህ በጆንያ እንደተጋረደች ናት። ሟቹ ከፈንታው ጋር ሲያድሰው የከረመው፣ ቤተሰቡ ተከራይቶ የሚኖርበትን የዚህኑ አሮጌ ፎቅ የፊት ግድግዳ ነበር፤ ጆንያውም ሥራው እስኪያልቅ የተሰቀለ ነው።

«ይውረድ፤» አለች ራህመት፣ የሟቹ ሚስት።

«እንግዲያው ጠዋት መንገዱን ተሻግረሽ እይው። ከሰው ሁሉ ቀድማ እሷ ናት የምታየው ይል ነበር እሱ።»

የሟቹ አክስት ጀዊሪያ ሙስበሃዋን መቁጠር አቆመች። «ወዴት ነው የምትሻገረው? ኢዳ ላይ ናት እኮ። አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም።»

«እስከዚያማ ግድግዳው በአቧራና በባጃጅ ጭስ ይጠቁራል፣ እማማ።»

«አቧራውን እኔ አመጣሁት?»

አንዷ ሴት ሳቋን በሻርፗ አፈነች። ራህመት ግን አንገቷን ደፋች።

ባሏ ከመታመሙ በፊት በነበረው ዓርብ፣ «ነይ፣ ከጆንያው ኋላ ይዤሽ ልውጣና ላሳይሽ፤» ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ በዚያ የእንጨት መወጣጫ ሥር ስታልፍ እንኳ ቀና ብላ አታውቅም፤ ሲወድቅ የምታይ ይመስላታል።

«የልጆች እናት ነኝ፣ አልወጣም። አንተም ብትወርድልኝ ይሻለኛል፤» አለችው።

ሳቀባት። ከመወጣጫው አልወደቀም። በስምንት ቀን የወሰደው ወባ ነው።

«ምን ነበር እንዲያ ያቆየው?» አለች አሁን ለፈንታው። «አንድ ግድግዳ መለሰን ስምንት ወር ይፈጃል ወይ እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ።»

«ባለቤቶቹማ ሙልጭ አድርገህ ለስነው ብለውት ነበር። እምቢ አለ። ከመስኮቶቹ በላይ ከነበሩት አበቦች ሳይሰበር የቀረው አንድ ብቻ ነበር። በእሱ ላይ እርጥብ ሸክላ እየለጠፈ ቅርጹን ወሰደ፤ የተሰበሩትን ሃያ አንዱንም በሲሚንቶ መለሳቸው። አንዱ ካላማረው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። እኔማ ጂኒ ይዞታል እል ነበር።»

«አንተን ይያዝህ፤» አለች ጀዊሪያ፣ ግን ቁጣ አልነበረባትም።

መወጣጫው ቀድሞ ተፈትቷል፤ በማግስቱ ማለዳ የጆንያው ገመድ ተቆረጠ። ጆንያው እየተንሸራተተ ሲወርድ ክፍሉ በአንዴ በብርሃን ተሞላ፤ ሴቶቹ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ራህመት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ አክስቲቱን አየቻት።

«መስኮት ላይ መቆም መውጣት አይደለም፤» አለች ጀዊሪያ።

ራህመት ተነሥታ ወደ ታች አየች። ሰዎች አንጋጠው ቆመዋል፤ አንድ ባጃጅ መንገዱ መሐል ሞተሩን አጥፍቷል። ግድግዳው ግን ለእሷ አይታያትም። ራሷ ውስጡ ናት። በዚህ ሁሉ ሰው መጨረሻ የማየው እኔ ነኝ ብላ ልትመለስ ስትል፣ ዓይኗ ከመንገዱ ማዶ ባለው አዲስ ባለመስታወት ሕንፃ ላይ አረፈ።

አንድ ፎቅ መስታወቱን ሞልቶ ቆሟል። ነጭ ነው። ሃያ ሁለት መስኮት፣ በየመስኮቱ አናት ላይ ተርገብግቦ የሚከፈት የሚመስል አበባ። የማን ቤት እንደሆነ ለጊዜው አላወቀችውም። ከዚያ በሦስተኛው መስኮት ሻሽ ያሰረች አንዲት ትንሽ ሴት አየች፤ ስትንቀሳቀስ ሴትዮዋም ተንቀሳቀሰች። የመስኮቱን ደፍ ያዘች። ይህን ሁሉ ሲሠራ ውሎ ነው ለካ ማታ ማታ ዝም ብሎ እራቱን ሲበላ የነበረው።

«ምን ታየሽ?» አለች ጀዊሪያ።

«ቤታችን።»

ጀዊሪያ ምንጣፉን ተደግፋ ተነሥታ መጣች። ቆማ አየች። «ሱብሃነላህ፤» አለች በለሆሳስ።

ራህመት ክንዷን በመስኮቱ አውጥታ ወደ ላይ ዘረጋች። ጣቶቿ የአበባውን የታችኛውን ቅጠል አገኙት። ከዚያ እጇን ገለበጠችና፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሁሉ፣ በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው። ቀዝቃዛ ነበር።