የጋሽ ክር ድምፆች

የሬዲዮ ጣቢያውን የኮምፒውተር ክፍል የምትመራውን ሴት ሁሉም «ኢንጂነር» ይሏታል። ሥራዋን ታውቃለች፤ ማወቋንም ታውቃለች። ሰኞ ጠዋት የዜና ሰዎች «ቀረጻ አልይዝ አለን» ብለው ሲንጫጩ ሰርቨሩን ከፍታ አየች። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቦታውን ማን እንደያዘው ለማወቅ ማህደሮቹን ገለጥ ገለጥ ስታደርግ ትልቁ የጋሽ ክር ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልፈለገችም።

ጋሽ ክር የጣቢያውን የድሮ ድምፆች የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው የተበጠሰ የካሴት ክር ሲቀጥሉ ስለሚውሉ ነው። ሰሞኑን ሥራቸው ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር። ብዙው ካሴት ከማርጀቱ የተነሳ አንዴ ከተጫወተ ክሩ ይፈረፈራል፤ የሚተርፈው የተገለበጠው ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ምን ሆነን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ጋሽ ክር ናቸው የሞሉት» አለች ኢንጂነር። «ይሄ ሰርቨር እንጂ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን አይደለም። ሰሚ የሌለውን ሳል ሁሉ እያመጡ ያጭቁበታል።»

ከጥግ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ ጋሽ ክር።

«ግማሹን ያጥፉ። ዛሬውኑ።»

«መጠባበቂያ ቅጂ አለው አይደል፣ ልጄ?»

«አለው» አለች፣ ሳታጣራ።

ሽማግሌው ሄደው አጠፉ። ቀረጻውም ሠራ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ዲስኩ እንደገና ሞልቶ ጠበቃት።

አሁን ደነገጠች። ጋሽ ክር ከትናንት ወዲህ አንዲት ፋይል አልጨመሩም። ረጋ ብላ ተቀመጠችና ሁለት ቆጠራዎችን አስተያየች። ዲስኩ «ሞልቻለሁ» ይላል፤ ያሉት ፋይሎች ተደምረው ግን ግማሹን እንኳ አይሆኑም። እንዲህ የሚሆነው አንድ ፋይል ተሰርዞ፣ የከፈተው ፕሮግራም ግን ሳይለቀው መጻፉን ሲቀጥል ነው። ፋይሉ ለዓይን አይታይም፤ ቦታ ግን ይበላል። ፈልጋ አገኘችው። የሥርጭቱ ፕሮግራም የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ሎግ ነበር።

ባለፈው ወር ሥርጭቱ ሲቆራረጥ፣ ፕሮግራሙ የሚያደርገውን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲጽፍ ያዘዘችው እሷ ናት። ሎጉ ሲያብጥባት የሰረዘችውም እሷ ናት። ትእዛዙን ማንሳትና ፕሮግራሙን ዘግቶ ማስነሳት ግን ረሳችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ትእዛዙን አንስታ ፕሮግራሙን ዘግታ ስታስነሳው ዲስኩ ወዲያው ቀለለ። እሷ ግን አልቀለላትም። ወደ መጠባበቂያው ቅጂ ሮጠች። የጋሽ ክር ማህደር የለበትም፤ ቀድሞ ቦታ ለመቆጠብ ብላ ያስቀረችው ራሷ ነበረች፤ ያንንም ረስታው ነበር። ጆሮዋ ጋለ። የባሰው ደግሞ፣ የጠፉት ድምፆች በለቀቁት ቦታ ላይ የእሷ ሎግ ሲጻፍ አድሯል፤ የጠፋ ፋይል ደግሞ ሌላ ከተጻፈበት አይመለስም።

ሥራ አስኪያጁ በበሩ ብቅ አለ። «ተስተካከለ አሉኝ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!»

ሰውዬው እየሳቀ አለፈ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ዲስኩ ላይ ሌላ ነገር እንዳይጻፍበት ቆልፋ፣ ቀረጻውን ወደ ሌላ ማሽን አዞረችና ወደ ጋሽ ክር ክፍል ወረደች። በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዲስኩን የሞሉት እርስዎ አልነበሩም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳያቋርጧት ሰሙ።

«መጠባበቂያውስ?»

«የለም።»

የያዙትን ካሴት ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ልጄ፣ በሸንጎ ሰድበሽኝ ይቅርታውን በጓዳ ታመጪልኛለሽ?»

ወጥታ ሥራ አስኪያጁን ሰው ሁሉ እንዲሰበሰብ ለመነችው። ማንንም ሳታይ ተናገረች፤ ሎጉንም፣ ቅጂውንም፣ «ሳል» ያለችውንም። ይህን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ጋሽ ክር «ሰምቻለሁ» ብቻ አሉና ተነሡ።

የጠፋ ፋይል ከዲስክ ላይ ለቅሞ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ድምፆቹን እየቆራረጠና ስማቸውን እያራገፈ መለሰላቸው። የማን እንደሆኑ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ስለነበር፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እየሰሙ ስም ይሰጡ ጀመር። «ይቺ የአየር ጠባይ አንባቢዋ ናት። ስታስነጥስ ሰማሻት? ከሥራ ሊያባርሯት ነበር» ይላሉ ጋሽ ክር። እሷ ትጽፋለች፤ ለመሳቅ ግን አትደፍርም።

ሎጉ የበላቸው ሳይመለሱ ቀሩ። ከነሱ አንዱ የአንዲት አዋላጅ ቃለ ምልልስ ነበር። የአዋላጇ ልጅ ቅጂ እንዲሰጧት ጋሽ ክርን ለምናቸው ኖሮ፣ በቀጠሮዋ ቀን መጣች።

«እኔ ልንገራት» አለች ኢንጂነር።

ነገረቻት። ሴትዮዋ አልጮኸችባትም። «ፎቶዋማ አለኝ» አለች። «ድምጿ ነው የጠፋኝ። እንዴት ትናገር እንደነበር ረሳሁት።»

ኢንጂነር አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ» የሚለው ቃል አነሰባት።

ጋሽ ክር ለሴትዮዋ ወንበር ሳቡላት። «ስገለብጠው ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ቶሎ ቶሎ ነበር የምታወራው፤ ጋዜጠኛው መግቢያ እስኪያጣ። የመጀመሪያውን ልጅ ስታዋልድ ከወላዷ ይልቅ እሷ እንዳለቀሰች ተናገረች...»

ሴትዮዋ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ኢንጂነር ልትወጣ በሩን ያዘች።

«የት ነው?» አሏት ጋሽ ክር። «ቁጭ በይና ስሚ።»