የሰርኬ ብልቃጦች

ሰርኬን ማንም አይጠይቃትም። እሷ የፈተለችው ጋቢ ሽሮ ሜዳ ገበያ ላይ ሲሻሙበት ይውላሉ፤ ፈታይዋን ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጇን ብታወጣ «እማማ፣ እጅዎን ያውርዱ፣ ጊዜ የለንም» ይሏታል። መሠረተ ትምህርት ገብታም የልጅ ልጇ የሚሆን አስተማሪ እርሳስ አያያዟን ቢቆጣት፣ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እኔ በእነዚህ ጣቶች ከዚህ የቀጠነ ነገር አሽከረክራለሁ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ይሁን፣ ይህን ሁሉ ችላዋለች። ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ የደረሰባትን ግን አልቻለችውም።

በዚያ ሰሞን ጉንፋን ጉለሌን ከላይ እስከ ታች ይዟታል። የማያስነጥስ ሰው ከተገኘ እንግዳ ነው ይባል ነበር። ልጇ ሾዴ፣ የሸማኔዎች ማኅበር ገብቶ የሚሠራው ሸማኔ፣ ከተኛ አራተኛ ቀኑ ነው። ሌላው ሰው በሦስት ቀን ሲነሣ እሱ ይብስበት ጀመር። ስለዚህ ሰርኬ ጋቢዋን ደርባለት፣ ደግፋ ወሰደችው።

የጤና ጣቢያው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰልፈኛው ደፉ ላይ ቆሟል። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው አዲሳለም የሚባል ወጣት ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጋ የጤና ረዳት ነው፤ ልጁ ክፉ አይደለም፣ ድምፁ ግን እንደ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው።

«ከዚህ በፊት ይዞህ የሚያውቅ በሽታ አለ? ሳንባ ነቀርሳ? የሳንባ ምች?»

«የለም» አለ ሾዴ።

ሰርኬ ጆሮዋን አላመነችም። «አለ እንጂ! ከስምንት ዓመት በፊት...»

ሾዴ እግሯን ረገጣት። «የልጅነት ኩፍኜን ማለቷ ነው» አለ።

ድሬሰሩ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ባለቤቱ የለም እያለ እርስዎ አለ ይሉኛል? የማን ገላ ነው?»

«የማን ነው? እኔ የወለድኩት!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ድሬሰሩም እየሳቀ አስፕሪን ቆጥሮ በወረቀት ጠቀለለና «ጉንፋን ነው፤ ሙቅ ነገር ይጠጣ፤ ቀጣይ!» አለ። የሾዴን ሸሚዝ እንኳ አላስወለቀም።

ወደ ቤት የሚወስደው ዳገት አጭር ነው። ሾዴ ሦስት ቦታ ቆመ። ሦስተኛው ላይ አጥር ተደግፎ ሲያለከልክ ሰርኬ ፊቱ ቆመች።

«ለምን ዋሸህ?»

«ባጫን አላየሽውም? ከኋላችን ሦስተኛ ነበር።»

ባጫ የማኅበሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው፤ ያየውን ለሊቀ መንበሩ ሳያደርስ ምሳ አይበላም።

«ታዲያ?»

«አዳራሹ ውስጥ አርባ ሸማኔ ጉልበት ለጉልበት ነው የምንቀመጠው፣ እማዬ። ሾዴ የሳንባ በሽታ አለበት ከተባለ ዛሬውኑ ከሽመና ጉድጓዴ ያስነሡኛል። የሠራሁትን ሸማስ ማን ይለብሰዋል?»

መደበቁን ራሱ ያስተማረችው እሷ ናታ! ሾዴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ደም ሲተፋ፣ ያኔ ቀጨኔ ለነበሩት ጎረቤቶቿ «አገር ቤት ሄዷል» ብላ፣ በየጠዋቱ ማንም ወደማያውቃቸው ሩቅ ክሊኒክ እያመላለሰች ሁለት ወር መርፌ አስወግታዋለች። ኪኒኑንም ዓመት ሙሉ በእጇ አጉርሳዋለች። ልጁ ዳነ። ወሬውም አልወጣም። አሁን ያ ዝምታ ዞሮ መጥቶ አጥር አስደግፎ አስቆመው።

በማግሥቱ ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ ቆሻሻው ተከምሮ በእሳት ተያይዟል፤ ጭሱ ከጣሪያ በላይ ተዘርግቶ እንጦጦን ሸፍኗታል። ጎረቤቷ ለታ፣ ከተራራው ማገዶ የሚያወርደው ጎልማሳ፣ የግቢውን ጥራጊ ሾዴ መስኮት ሥር ሊለኩስ ሲል ሰርኬ ደረሰች።

«እዚያ ማዶ ውሰደው! የታመመ ሰው አለ።»

«እንዴ እማማ ሰርኬ! ጭሱ እኮ በሽታ ነው የሚያባርረው። የኅዳሩን በሽታ በምን አባረሩት?»

«አንተ ሲወራ የሰማኸውን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጭስ ያዳነው ሰው የለም። አባቴ እንደ አንተ ግንድ የሚሸከም ነበር፤ በአራት ቀን ሄደ። ውሰደው አልኩህ!»

ለታ እየሳቀ ክምሩን ገፋው። «እኔን አስነጠሰኝና በሦስተኛው ቀን ተራራ ወጣሁ። ሸማኔ ሲባል ቁጭ ብሎ እየሠራ ለስላሳ ሆነ!»

ሰርኬን ምስጢሩ አፏን ያዛት። ደፉ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ታስብ ጀመር። ለታ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም፤ በሦስት ቀን ተነሣ። የማዶው ጎረቤት አቶ ወልዱ ባለፈው ክረምት የሳንባ ምች ጥሏቸው ነበር፤ አሁን በዚሁ ጉንፋን ሁለተኛ ሳምንታቸውን ተኝተዋል። ሾዴም አለ። የተጣፈ ነጠላ ውሃ ሲመታው የሚቀደደው በመጣፊያው ጠርዝ ነው። ግን ደግሞ የሰፈሩ ዘበኛ ላቀው አለ። ላቀው የሾዴን በሽታ ታሞ የዳነ ነው፤ አገር ያውቃል፤ እሱ ዘንድሮ ሁለቴ አስነጥሶ ዝም። አባቷም ጤነኛ ነበር፤ ግን ሞተ። ሰርኬ ነገሯን የሚያፈርስባትን ቆርጣ አትጥልም፤ ሲፈተል የሚበጠስ ጥጥም ጥጥ ነው። ሁሌ እንዲህ ነው አላለችም። ይጠየቅ፣ ይታይ ነው ያለችው።

ረፋዱ ላይ ምራቷ ውባለም ከውስጥ ተጣራች። «እማማ! ኧረ ይምጡ!»

ሾዴ የተፋው አክታ የቆርቆሮ ዝገት ይመስላል። ትንፋሹ ፈጥኖ የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል ይዘጋል። ሰርኬ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ልናገር ነው።»

«እማዬ፣ ጉድጓዴን...»

«ሬሳ ሸማ አይሠራም።»

ሾዴ ዓይኑን ጨፈነ። ሰርኬ ከአልጋዋ ሥር ሣጥኗን ጎትታ ከጥጥ መሐል አንድ ቋጠሮ አወጣች። አሥራ አንድ ትንንሽ የመርፌ ብልቃጦች ናቸው፤ ባለ ጎማ ክዳን። ያን ጊዜ ወጊውን እየለመነች ባዶውን ትወስድ ነበር፤ ለኩል ማስቀመጫ የሚሆን እንደዚያ ያለ ዕቃ የት ይገኛል? ብዙውን ለሴቶች አድላዋለች። ይኸ ቀርቷል፤ ወረቀቱም አልተላጠም።

«ለታ! ያ ግንድ የሚሸከም ጀርባህ የት አለ?»

ለታ አልሳቀም። ሾዴን በጋቢ ጠቅልሎ አዘለው።

ሰልፉ እንደ ትናንቱ ነው። ሰርኬ ሰው እየገፋች አለፈች። «ወረፋ!» ሲሏት «ወረፋዬ ትናንት ነበር፤ ሳቃችሁበት» አለችና ገባች። ለታ ሾዴን አግዳሚው ላይ ሲያወርደው፣ ሰርኬ ዞራ በሩን በትከሻዋ ዘጋችው። የበሩ ማጠፊያ ጮኸ፤ ተዘግቶ አያውቅም መሰለኝ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ሰርኬ በመጀመሪያ ለታን አየችው። «አንተ የሰማኸውን እዚሁ ዋጠው።»

«ዋጥኩት» አለ ለታ።

ከዚያ ቋጠሮዋን ጠረጴዛው ላይ ፈታች። አዲሳለም አንዱን ብልቃጥ አነሣና ጽሑፉን አነበበ። ፈገግታው ጠፋ። «ስትሬፕቶማይሲን... ይኸ የእሱ ነው?»

«ፊደል አላውቅም። አንተ ታውቃለህ። ሁለት ወር በየቀኑ ተወግቷል። በየትኛው ጎኑ ታሞ ደም ይተፋ እንደነበር ልንገርህ? በግራ።»

ድሬሰሩ የሾዴን ሸሚዝ ገልጦ ማዳመጫውን ጀርባው ላይ አሳረፈ። በቀኝ ፈጠን አለ። በግራ ቆየ፤ መልሶ አደረገው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«የሳንባ ምች ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ ቀስ ብሎ መናገርም ይችላል ለካ። «ግራው ታች ሞልቷል። ፔኒሲሊን እወጋውና ሆስፒታል እጽፍለታለሁ። ራጅ ይነሣ፤ አሮጌው በሽታ ተነሥቶ እንደሆነም ይመርመር።»

«አሮጌው ነው ለዚህ ያበቃው?»

አዲሳለም ብዕሩን ይዞ ቆመ። «ጠባሳ ያለበት ሳንባ ጉንፋን ሲመጣበት ይጎዳል ይባላል። ግን እማማ፣ የሁሉ ሰው አንድ አይደለም። ምንም የማይሆንም አለ።»

«ላቀውን መቼ አጣሁት!»

«ማነው ላቀው?»

«ተወው። ጻፍ።»

ጻፈ። ሾዴም ሄደ። ሆስፒታል አሥራ ስድስት ቀን ተኛ፤ አክታው ሦስቴ ተመረመረ፤ አሮጌው በሽታ አልተነሣም፤ ምቹም ለቀቀው። ማኅበሩ ያወቀው ሾዴ ምች ታሞ እንደነበር ብቻ ነው፤ ምች ደግሞ ማንንም ይይዛል። ጉድጓዱም ጠበቀው።

ሾዴ መወርወሪያውን በያዘ በሦስተኛው ቀን ሰርኬ ነጠላዋን አጣፍታ ጤና ጣቢያ ወረደች። በሩ ወለል ብሏል። አዲሳለም ደፉ ላይ ለቆመች ለጋ ሴት «ሳንባ ነቀርሳ ይዞሽ ያውቃል?» ይላል፤ ድምፁ ቀጨኔ ይደርሳል። ልጅቱ ወደ ሰልፉ ዞር ብላ አየችና «ኧረ የለም» አለች።

ሰርኬ ልጅቱን አልፋ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«እማማ ሰርኬ! ደግሞ ምን ሆኑ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። አንተን ላናግር ነው የመጣሁት።» ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «ስማኝ ልጄ። ጥያቄህ ደህና ነው። ሾዴንም ጠይቀኸው ነበር፤ የዋሸህ እሱ ነው፤ ያዋሸው ግን ይኸ የተከፈተ በር ነው። ሰው ገመናውን ለሰልፍ አይናገርም። ልጄን ልቀብረው ነበር እኮ! ተነሣ። ይህን በር ዝጋና ይችን ልጅ እንደገና ጠይቃት። ከእንግዲህም እያንዳንዱን እንዲሁ። ተነሣ እንጂ! እኔ እዚህ ቆሜ ሳለሁ ዝጋው።»