የተሸፈነው አፍ

ጥሩሐረግ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስትገባ መጀመሪያ ያየችው እግር ብረቱን ነው። የኔታ ገብረ አምላክ ከመደቡ ሥር አውጥተው አጠገባቸው አኑረውታል።

የስምንት ዓመት ልጇን ምንዋጋውን እጁን ይዛ ከሰቆጣ ክሊኒክ እየሮጠች ነው የመጣችው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ኀምሳ ስድስት ነው። ባሏ ቄስ ወልደ ጻድቅ ከሞተ ወዲህ የሚበሉበት መሬት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሬት ስለሆነ፣ ልጁ ዲያቆን ካልሆነ ለሌላ ይሰጥባታል። የኔታ ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ዛሬ የሚጠየቀውን መዝሙር በቃሉ ካልመለሰ በብረት ታስሮ ይሰነብታል፣ ከዚያም ይባረራል። "ስጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል" ብለዋት ነበር። አምናቸው ትናንት ማታ እሷም ገረፈችው።

ዛሬ ጠዋት የክሊኒኩ አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ጆሮውን በመብራት አየው። "የክረምቱ ጉንፋን ያመጣበት ነው" አላት። "ከታምቡሩ ጀርባ ውሃ አቁሯል። አያመውም፤ ግን አጥርቶ አይሰማም። ብዙ ጊዜ በራሱ ይደርቃል። እስከዚያ አፋችሁን እንዲያይ አድርጋችሁ አናግሩት።"

"የኔታ፣ ልጄ አይሰማም!" አለች አሁን ከመደቡ ፊት ቆማ።

"አለመስማቱንማ ማን ነገረሽ? እኔ አይደለሁም?"

የኔታ መስከረም ላይ የፊት ጥርሶቻቸው ከወለቁ ወዲህ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነው የሚያስተምሩት። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ማንም እንዲስቅባቸው አይፈልጉም። በጋቢው ውስጥ ሆነው የመዝሙሩን መነሻ አሉ። ምንዋጋው አቀርቅሮ ዝም አለ። የኔታ ብረቱን አነሡ።

"በማርያም ይዤዎታለሁ! አፍዎን ይግለጡለት፣ አንድ ጊዜ ብቻ!"

በዙሪያው የተቀመጡት ተማሪዎች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ለሊቅ እንዲህ አይባልም። የኔታ ዓይናቸው ቀላ። ጥሩሐረግ፣ ልጄንም መሬቴንም በገዛ አፌ አጠፋሁ ብላ አሰበች።

የኔታ ጋቢውን ከአፋቸው አወረዱ። ከኋላ አንዱ ሊስቅ ሲል ጓደኛው ጎሸመው። የኔታ ያንኑ ቃል በባዶ ድዳቸው ቀስ ብለው ደገሙት።

ምንዋጋው ቀና ብሎ አፋቸውን አየ። ከዚያ ገና ከክረምት በፊት የተማረውን መዝሙር ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንበለበለው። ጥሩሐረግ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ አለቀሰች።

የኔታ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አሉ። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዘጋኸኝ?"

"አፍዎን ሲሸፍኑ በልብዎ የሚጸልዩ መስሎኝ ነው" አለ ልጁ። "ጸሎትዎን እንዳላውክ ብዬ ነው ዝም የምለው።"

የኔታ ብረቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ጥሩሐረግ ግን እሳቸውን አላየችም። የምታየው የልጇን እግር፣ ትናንት ማታ የራሷ አለንጋ የተወውን ሰንበር ነበር።