የፈይሩዝ ካርድ

ገጹ እንደገና እምቢ አለው። ሙጂብ ስልኩ ላይ ካለው ፎቶ የካርዱን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ ደግሞ ጻፈ፤ የኳስ ውርርዱ ገጽም ያንኑ ቀይ መስመር መለሰለት። ኔትወርኩ ነው ብሎ ወደ ሌላ የውርርድ ገጽ ተሻገረ። እዚያም ያው ነበር።

የከሚሴው ኮምፒውተር ቤት ባለቤት በድሩ ከኋላው ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ሳቀ።

«ኔትወርኩ ምንም አላደረገህም። የማን ካርድ ነው?»

«የራሴ።»

«ያንተማ ቢሆን፣ የኛ አገር ካርድ ድንበር አይሻገርም። ይሄ የዐረብ ባንክ ካርድ ነው። ክፍያ የሚጠይቀው ቁማር ቤት መሆኑ በምልክት ይደርሳቸዋል፤ እነሱ አገር ደግሞ ቁማር ወንጀል ነው፣ ባንኩ አይከፍልም። አንዳንዱ ገጽ እንዲያውም ገና ካርዱን ሲያይ ይመልሰዋል።» ትከሻውን መታ አደረገው። «ሐራም መሆኑን አንተ ብትረሳው፣ ባንኩ አስታወሰልህ።»

ሙጂብ አልሳቀም። ተከራይቶ የሚነዳውን ባጃጅ ገቢ በውርርድ ስለጨረሰ ባለቤቱ ቁልፉን ነጥቆታል። አንድ ጊዜ ካሸነፍኩ ሁሉን እመልሳለሁ ብሎ ነበር።

ካርዱ የታላቅ እኅቱ የፈይሩዝ ነው። ጂዳ፣ በሰው ቤት ትሠራለች። ደመወዟ በካርድ መግባት ሲጀምር፣ ማንበብ ስለማትችል፣ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሥታ ከቤቱ ፊደል ለቆጠረው ለእሱ ላከችለት፤ ምን እንደሚል እንዲነግራት። መስመር በመስመር አነበበላት። ጀርባው ላይ ያለችውን ቁጥር ለማንም እንዳታሳዪ ያላትም እሱ ነበር።

ከኮምፒውተር ቤቱ ሳይወጣ ደወለችለት። ሰላምታ አላስቀደመችም። ካርዱ የተመዘገበው በአሠሪዋ ስልክ ነው፤ እምቢ የተባለው ሙከራ ሁሉ ከቁማር ቤቱ ስም ጋር ለመዳሟ መልእክት ሆኖ ደርሷል። መዳም ቁማርተኛ ቤቴ አታድርም አለች። ፈይሩዝ ቁጥሩ ተሰርቆብኝ ይሆናል ብትላት፣ አባቴ ቁርኣን የቀራ ሰው ነው ስትዪኝ አልነበር፣ ቁጥሩ ከቤተሰቡ እጅ እንደሌለ እሱ ይማልልኝና አምንሻለሁ ብላታለች። የዐስር ሶላት እንዳበቃ ይደወልለታል፤ ይህን ያህሉን ለአባቷ ነግራዋለች።

«ሙጂብ፣ ላንተ ብቻ ነው የላክሁት» አለች። ወጥ ቤት ተደብቃ ነበር መሰል፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «አልቆጣህም። ግን አባ ሳይምል ንገረው። እሱ በውሸት ከሚምልልኝ ተባርሬ ብመጣ ይሻለኛል። ሰማኸኝ?»

«እሺ» አላት።

ቤት ሲደርስ አባቱ ሲራጅ ከጨፋ ማሳው ተመልሶ፣ ሰግዶ ተቀምጧል። ስልክ ፊት አያሳይም፤ እሱ ግን የጁምዓ ጥምጥሙን ጠምጥሟል። ዐረብኛን የሚያውቀው ከኪታብ እንጂ ከሰው አፍ አይደለም፤ የሚናገረውን በከንፈሩ ይለማመድ ነበር።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ና ተቀመጥ» አለው። «ከኛ መሀል ይህን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ። በአላህ ስም ከመማሌ በፊት ልጠይቅህ። የዚያ ካርድ ቁጥር እኛ ዘንድ አለ?»

«ቆይ አባ፣ ልይ።»

ስልኩን አወጣ። ፎቶው ውስጥ ካርዱን የያዘው የፈይሩዝ አውራ ጣት ይታያል፤ ጥፍሩ ላይ ከዒድ የተረፈ ሂና አለ። የካርዱን ፊት አጠፋ። ጀርባውን አጠፋ።

«የለም» አለ።

የሲራጅ ስልክ ጮኸ። ሽማግሌው ተነሥቶ ቆመ፤ ተቀምጦ መማል አልወደደም።

«ወላሂ» ብሎ ጀመረ። ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ኪታብ እንደሚያነብ ሰው አወጣቸው። መዳም እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አመስግና ስልኩን ለፈይሩዝ ሰጠች።

ፈይሩዝ የእናቷን ጤና ጠየቀች። ላሚቱ ወልዳ እንደሆነ ጠየቀች። ሙጂብ ተጠግቶ እጁን ዘረጋ፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ለሙጂብ ስጠው ትል ነበር።

«አላህ ይጠብቅህ፣ አባ» አለችና ዘጋችው።