የቆመ መኪና

ከአትክልቱ ገበያ በር ፊት ለፊት ጎማ እጠግናለሁ። ስንት ዓመት ሆኖሃል አትበሉኝ፤ ብቻ እዚያ በር ላይ የወለቀው የሰው ጥርስ ቢለቀም አንድ ጣሳ ይሞላል። ኩሊዎቹ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «እጅ የቀደመ» ይሉታል። የጭነት መኪና ከኩርባው ብቅ ሲል ሁሉም ይሮጣል። የመኪናውን የኋላ ሳንቃ መጀመሪያ በእጁ የነካ፣ ጭነቱ የእሱና የጓደኞቹ ነው፤ የተቀደመው ባዶ እጁን ይመለሳል። መኪናው እስኪቆም የሚጠብቅ ሞኝ የለም። እየሄደ ይንጠለጠሉበታል፣ የተንጠለጠለውን እግሩን ይዘው ይጎትቱታል፣ እሱም በተረከዙ አፍንጫ ይሰብራል። አንዱ የአንዱን ጆሮ ነክሶ ሲተፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ጆሮው ጎማ የምፈትሽበት የውሃ በርሜል አጠገብ ወደቀና በአካፋ አነሳሁት።

ክፉ ሰዎች ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ማታ አብረው የሚጠጡ፣ አንዱ ሲታመም አዋጥተው የሚያሳክሙ ናቸው። ጠዋት መኪና ሲያዩ ግን አጥንት እንደተጣለለት ውሻ ይሆናሉ። ምነው ስላቸው «ሥራው ነው» ይሉኛል። ይሄ «ሥራው ነው» የሚሉት ነገር ደሜን ያፈላዋል። ስንት ነውር በዚህች ቃል ተሸፍኖ ይኖራል።

የሁሉም አውራ ወላቃው ነበር። የፊት ጥርሶቹን እዚያው በር ላይ ጥሎ በምትኩ ስሙን ያገኘ፣ አንገት የሚባል ነገር ያልተሠራለት ሰውዬ ነው። አንዱን ኩሊ ጎማ ሥር የጣለውም እሱ ነው። ሁለቱም ሳንቃውን እኩል ያዙ። ወላቃው ጆንያ የሚጎትትበትን መንጠቆ አወጣና የሰውየውን ጣቶች መታቸው። ሰውየው ለቀቀ። የኋላው ጎማ በደረቱ ላይ ሲያልፍ የወጣውን ድምፅ ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ አሁንም አልናገርም። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ «ተንሸራቶ ነው» አለና ነገሩ አደጋ ተብሎ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ በዚያው ቦታ ሌላ መኪና መጣ፣ ደሙን እየረገጡ ሮጡ።

የሟቹ ሚስት ከገበያው አጥር ሥር ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ በወስፌ የምትሰፋ፣ ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ሴት ናት። ከባሏ በኋላ የቀራት ሰው ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችው። ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ከረመና አንድ ጠዋት መንጠቆ ገዝቶ ከኩሊዎቹ ጋር በሩ ላይ ቆመ። በመጀመሪያው ቀን ቅንድቡን ተፈነከተ። ሳምንት ሳይሞላው ከመኪና ላይ ጎትተው ጣሉትና ጎማው ፀጉሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከአቧራው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቀና ስል እህቱ ከአጥሩ ሥር ታየናለች። ወስፌው መዳፏን ወግቷት ደሙ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ ግን ልብ አላለችውም።

ይህንን ልጅ ሳትቀብሪው ሌላ ሥራ ይፈልግ አልኳት።

«የቱ ሌላ ሥራ፣ ጋሼ?» አለችኝ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እሱን ማስቆም አልቻልኩም። መኪናውን ነው የማቆመው» አለች።

ሳቅኩባት። ማንስ ቢሆን አይስቅም?

በማግስቱ ጠዋት ከጆንያ ቁርጥራጭ የሰፋቻቸውን ድሪቶዎች ተሸክማ መጣች። ኩሊ ሸክም ሲያነሳ ትከሻው እንዳይላጥ ጣል የሚያደርገው ዓይነት ነው። ከግድግዳው ሥር አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ከዚያ የሚሰማትንም የማይሰማትንም እየዞረች ነገረች፤ ቀድሞ የመጣ የፊተኛው ድሪቶ ላይ ይቀመጣል፣ መኪናው ይቆማል፣ ከፊት ያሉት ያራግፋሉ፣ የቀሩት ወደ ፊት ይሳባሉ። ኩሊዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የዳቦ ሰልፍ መሰላት እንዴ አለ አንዱ። ወንድሟ እንኳ በሀፍረት አንገቱን ደፋ።

መኪና ከኩርባው ሲወጣ ሄዳ በሩ መሃል ቆመች። ሾፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ የተቃጠለ ጎማ ሽታ እኔ ቤት ድረስ መጣ። በሙያዬ ልናገር፣ ያ ጎማ በዚያች ቅጽበት የአንድ ዓመት ዕድሜውን ጨረሰ። መኪናው ደረቷ ላይ ሊደርስ ሲል ቆመ። ሾፌሩ ዘሎ ወረደና በጥፊ አጮላት። ኩሊዎቹ በቆመው መኪና ላይ እንደ ወትሯቸው ተንጠላጥለው ተፈነካከቱ። ወላቃው ድሪቶዎቹን በእግሩ ሰበሰበ፣ ናፍጣ አርከፈከፈባቸው፣ እዚያው ፊቷ አነደዳቸው። አበቃላት አልኩ። በማግስቱ ሌላ ሰፍታ መጣች።

እንዲህ እያለች ከረመች። የገበያው ዘበኛ በፀጉሯ ይዞ አስፋልቱ ላይ ጎተታት፤ ቀሚሷን አራግፋ ተመለሰች። አንዱ ኩሊ በክርኑ አፏን ብሎ ጥርሷን አራገፈው፤ ደሙን ተፍታ እዚያው ቆመች። ሚስማር ሲመቱት ይጠብቃል አይደል የሚባለው? ሚስማሯ የሚል ስም ወጣላት። ሾፌሮቹ ገና ከኩርባው «ያቺ እብድ አለች» እየተባባሉ ፍጥነት መቀነስ ጀመሩ። ለእሷ አዝነው አይደለም። እብድ ገጭቶ ፍርድ ቤት መመላለስ የሚፈልግ ሾፌር ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ ድሪቶው ላይ የተቀመጠው አንድ እግሩን የሚያነክስ ሽማግሌ ኩሊ ነው። ሮጬ የማገኘው የለም፣ ተቀምጬ ምን አጣለሁ አለ። ቀጥሎ ጎናቸው የተሰበረ ሁለት ወንድማማቾች ተቀመጡ። ወንድሟ ብዙ ቀን አንገራገረ። ማታ ቤት ገብተው እንደሚጨቃጨቁ ነግራኛለች፤ መሳቂያ አደረግሽኝ ይላታል። አንድ ጠዋት ሳይናገር መጣና ከወንድማማቾቹ ኋላ ቁጭ አለ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔም አንድ ያለቀለት የመኪና ጎማ አንከባልዬ በሩ መሃል ጣልኩላት፣ ሲደክማት አረፍ እንድትልበት። አንድም ቀን አልተቀመጠችበትም።

ወላቃው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። ጉልበቱ የሚሠራው በሚሄድ መኪና ላይ ነው። መኪና ቀስ ካለ አንካሳውም ይደርሳል፣ አንካሳው ከደረሰ ደግሞ ወላቃው ከሌላው ምን ለየው?

አንድ ረፋድ ላይ ቲማቲም የጫኑ መኪኖች ተከታትለው መጡ። የፊተኛው ቀይ መኪና ነው፤ ባሏን የጨፈለቀው ያው መኪና፣ መሪው ላይ ያለውም ያው ሽማግሌ ሾፌር። እሷም አወቀችው። ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። መኪናው ቆመ። ወላቃው ከኋላዋ መጣና የጉልበቷን ማጠፊያ በእርግጫ መታው። ወደቀች። በመንጠቆው እጀታ ጀርባዋን መታት፣ ትከሻዋን መታት። ልትነሳ እጇን መሬት ላይ ስታስደግፍ ክንዷን መታው፤ እንደ ደረቅ ማገዶ ቀጭ ሲል ተሰማ። ከዚያ ፊቷን በጫማው ረገጠ። «መኪና ታቆሚያለሽ?» ይላል እየደጋገመ። «አንቺ ነሽ መኪና የምታቆሚው?»

ወንድሟ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። መንጠቆው በእጁ ነው፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። ወላቃው ጀርባውን ሰጥቶታል። አሁን ሰው ይሞታል አልኩ በልቤ። እንዲሞትም ፈለግኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

እሷ ግን ከመሬት ቀና አለች። አፏ ደም ሞልቶ ቃሉ አልወጣ አላት፤ ቢሆንም ሁላችንም ሰማናት።

«ቁጭ በል።»

«እትዬ፣ ሊገድልሽ ነው» አላት ልጁ።

«ተራህን ትተህ ከተነሳህ ያን ጊዜ ገደለኝ። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ተቀመጠ። መንጠቆውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ተቀመጠ። አንካሳው ሽማግሌ ክንዱን ጨብጦ ያዘለት። ወላቃው መንጠቆውን እንዳነሳ ቀረ። የሚማታ ሰው ያውቃል፣ የሚሸሽ ሰውም ያውቃል፤ ቁጭ ብሎ ዓይን ዓይኑን የሚያየው ግን ገጥሞት አያውቅም። ለመሮጥ ታጥቀው ከነበሩት ኩሊዎች አንዱ መቀነቱን ፈታና ሄዶ ባዶ ድሪቶ ላይ ተቀመጠ። ሌላው ተከተለው። ድሪቶው ሲያልቅባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ወረደና ቁልፉን የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አንዱን በዚህ ጎማ ጨርሻለሁ» አለው ወላቃውን። «ሁለተኛ አልጨርስም። በተራው የሚወጣ ካለ ይውጣ። ያለዚያ ቲማቲሙ እዚሁ ይበስብስ።»

ወላቃው ሾፌሩን አንገቱን አንቆ ከመኪናው ጋር አላተመው። ሽማግሌው ኪሱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ለቀቁት፤ መንገዱ እስከ ኩርባው ተዘጋ። ፀሐዩ ከረረ፣ ከሳጥኖቹ ሥር ቀይ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ይሄኔ ነጋዴዎቹ ወጡ። ለሰው ደም አንድ ቀን ብቅ ብለው የማያውቁ ጌቶች ለቲማቲም እየተንደረደሩ ወጡ። አንደኛው በሳጥን ጣውላ የወላቃውን አናት ፈነከተው። ሌሎቹ ዙሪያውን ከበው በእርግጫ ተቀባበሉት። ያው እሷን በፀጉሯ የጎተተው ዘበኛ ኮሌታውን ይዞ ከበሩ አወጣው። እግዜር ይስጣቸው አልልም። ለእሷ ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ተሸክሜ ቤቴ አስገባኋት። ላባ ብትመዝን እንጂ ሰው አትመዝንም። ክንዷን በውስጥ ጎማ ቁራጭ አሰርኩላት። ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው ተከድነዋል።

«ቆሟል?» አለችኝ።

ቆሟል አልኳት። ማን እንደሚያራግፍ ጠየቀችኝ። አንካሳው፣ ወንድማማቾቹ፣ ከዚያ ወንድሟ እንደሆነ ነገርኳት። እንዴት አድርጎ እንደወጣም ጠየቀች። ሾፌሩ መሰላል አቁሞለት እንደ ሙሽራ በዝግታ ነው የወጣው አልኳት። ልትስቅ ብላ አመማትና ተወችው።

ሆስፒታል ሰንብታ ወጣች። ክንዷ ተጣሞ ነው የገጠመው፤ አሁንም ቀጥ አይልም። በበሩ መኪና መቆም ለመደ። ኩሊዎቹ አሁንም ይሰዳደባሉ፣ አልፎ አልፎም ይቃመሳሉ፣ መላእክት አልሆኑም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጎማ ሥር የገባ የለም። እኔ እማኝ ነኝ፤ ጎማ ሲነሳ ጎማ ሲወድቅ የሚያይ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ወላቃው ተመለሰ። ፊቱ ገርጥቶ፣ አናቱ ላይ ጠባሳ ተጋድሞበት፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ። ሰልፉ በሙሉ ተነሳ። እሷ ግን አንድ ድሪቶ አነሳች። ክንዷ ስለማይታዘዝላት ስፌቱ የተንጋደደ ነበር። ከመጨረሻው ሰው ኋላ መሬት ላይ ጣለችለትና ወደ አጥሯ ተመለሰች። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ተቀመጠ።

መኪና መጣ፣ ተራገፈ፣ ሰልፉ ተሳበ። ሌላ መጣ። እንዲህ ሲል ሲል ወላቃው ከሰልፉ ፊት ደረሰ። ወንድሟ የመጣውን መኪና ሳንቃ በጀርባው ዘግቶ ቆመ፣ መንጠቆውን እንደጨበጠ። የገበያው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እኔም የያዝኩትን ቁልፍ አስቀመጥኩ።

«ባልሽን የገደለውን?» አላት ከሩቅ። «ክንድሽን የሰበረውን ነው የማሳልፈው?»

ወስፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ ተነሳች። ባሏ የወደቀበትን ቦታ ረግጣ አልፋ ከወንድሟ ፊት ቆመች።

«እጠላዋለሁ» አለች። «እስክሞት ድረስ እጠላዋለሁ። አሁን ግን ተራው ነው፤ አሳልፈው።»